ሁለት ሌሊት ከነምራቂው

ጋምቤላ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኛሪየክ ጎርደን፣

የጌታ ሰላም ካለሽበት ደጃፍ ቀድሞ ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የምከስሰው አካል የለኝም። ሙቀቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል፤ ባሮም ሸሽቶ በድልድዩ ሥር አሸዋው ወጥቷል።

ይህን እንደ ልማዳችን በእጄ ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ ላኪ። አባትሽ ጎርደን፣ የአጎቴ ልጅ፣ ከማረፉ በፊት "የኛሪየክን የእጅ ጽሑፍ አትልቀቅብኝ" ብሎኛል፤ እኔም አልለቅም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሳኒ ሊሄድ ነው። የጨርቅ ነጋዴውን ሳኒ ነው የምልሽ፤ ሌላ ሳኒ የለኝም። በ1977 ከስልጤ መጥቶ ገበያው ጥግ ሱቅ ከከፈተ አርባ ዓመት ሆነው። አሁን ልጁ ሰዓድ ወራቤ ላይ ቤት ሠርቶ "ይበቃሃል፣ ና" ብሎ ጠርቶታል። ሰኔ ሲያልቅ የጭነት መኪና ይመጣል።

የነገረኝ ዓሣ ስንበላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባሮ ዳር አብረን ዓሣ እንደምንበላ ታውቂያለሽ። የእኔን ሥጋ እሱ አይበላም፣ የእሱን እኔ አልበላም፤ ዓሣን ግን ማን ባረከው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

"ሰኔ መጨረሻ" አለኝ፣ እሾሁን እያወጣ።

"የትኛው ሰኔ?" አልኩት።

"የዘንድሮው።"

"ጨው አቀብለኝ" አልኩት።

ከሁለት ዓመት በፊት ስትጽፊልኝ፣ በምትሠሪበት ሆቴል እያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት ዘመዶቹን ለሁለት ሌሊት ያለ ክፍያ ማሳደር ይችላል ብለሽ ነበር። ደብዳቤው ፊቴ ነው። "ከባለቤትዎ ጋር ይምጡ" ይላል። ባለቤቴ ኛዱዋል ዛሬ በሕይወት የለችም። በእሷ ቦታ ሳኒን ይዤ ብመጣስ? አርባ ዓመት ጓደኞች ሆነን ከጋምቤላ ውጭ አንድም ሌሊት አብረን አላደርንም። አትሂድ ልለው እፈልጋለሁ። እዚህ ሱቁ ውስጥ አፌን ስከፍት ደንበኛ ይገባል፤ ባሮ ዳር ስከፍት ሰላምታ ይበዛል። ማንም የማያውቀን ቦታ ቢሆን እላለሁ።

ከሰኔ በፊት መሆን አለበት።

አጎትሽ፣
ስቴፈን ሉዋል፣ ጡረተኛ መምህር


ሞምባሳ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ መምህር ስቴፈን፣

ከባሕር ማዶ ሆኜ እንደ ልጅነቴ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን በሥራ ቦታ አነበብኩትና ሳቅሁ፤ "ጨው አቀብለኝ" የሚለው ላይ ግን ሳቄ ቆመ።

ጋሽ ሳኒ ከጋምቤላ ይሄዳሉ ማለት ድልድዩ ይሄዳል እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያ ላዋዬን፣ ያን የምንለብሰውን ጨርቅ፣ እናቴ የገዛችልኝ ከእሳቸው ነው። ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚቋጠር ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው፤ እናቴ "የስልጤ ሰው ለኑዌር ልጅ ላዋ ያስተምራል!" ብላ ስትስቅ ትዝ ይለኛል።

ሆቴሉ እንደ ነገርኩዎ ባለ አምስት ኮከብ ነው። ባሕሩ በር ላይ ነው። የእንግዳ መቀበያው ወለል እብነ በረድ ነው፤ እኔም እዚያው ነኝ፣ ሥራው ጥሩ ነው። አልጋዎቹ ለአራት ሰው ይበቃሉ። አንሶላው ነጭ ጥጥ ሆኖ በየቀኑ ይቀየራል፤ ማዕዘኑ እንደ ፖስታ ታጥፎ ከፍራሹ ሥር ይገባል። ወይን የነካው ከሆነ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚነከረው፤ በሙቅ ከተጀመረ እድፉ ይጋገራል። ካውያው ከመድረሱ በፊት ጨርቁ ትንሽ እርጥበት ሊኖረው ይገባል።

ስለ መምጣትዎ አለቆቼን እጠይቃለሁ። ብዘገይ አይቀየሙኝ፣ ሥራ ይበዛል።

ልጅዎ ኛሪየክ


ጋምቤላ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኛሪየክ፣

ደብዳቤሽ በደህና ደርሶኛል፤ ያጻፈሽን ጤና ጌታ ያቆይልሽ። ሁለት የፊደል ግድፈት አለው፤ ስንገናኝ አሳይሻለሁ።

ጥያቄዎቼ ጥቂት ናቸው። ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ ነው? ሳኒ የሚሰግድበት ንጹሕ ወለል አለ? በሩ የሚከፈተው በቁልፍ ነው ወይስ በዚያ በካርድ? በካርድ ከሆነ አስቀድመሽ ጻፊልኝ፤ ልለማመድበት ባልችልም ልዘጋጅበት እችላለሁ። ፓስፖርታችንን ጅማ ሄደን አውጥተናል። ሳኒ በፎቶው ላይ እንደ ተቆጣ ሰው ወጥቷል።

ሰውየውን ከላዋሽ ባሻገር እንድታውቂው ስለምፈልግ አንድ ነገር ልንገርሽ። በ1979 ሦስተኛ ክፍል ልኬት ሳስተምር ትምህርት ቤቱ ሜትር አልነበረውም። ሳኒ ሱቅ ሄጄ የጨርቅ መለኪያውን እንጨት ተዋስኩ። ሰኞ ጠዋት እወስዳለሁ፣ በዕረፍት ሰዓት እመልሳለሁ፤ እስክመለስ ድረስ እሱ ጨርቅ አይሸጥም። እንዲህ አንድ ወር አለፈ። አርባ ሦስት ልጆች ቁመታቸውን ለክተው በደብተራቸው ጻፉ። ከዚያ አንድ ቀን ከብረት ማስመሪያዬ ጋር ባስተያየው ጫፉ ተበልቷል።

"ሳኒ፣ ሜትርህ ዘጠና ዘጠኝ ነው።"

"ወላሂ ዋሽተሃል።"

"ና ለካ።"

ሦስት ጊዜ ለካ። ከዚያ ሱቁን ዘግቶ ገባ። እኔም ተመልሼ አርባ ሦስቱንም ልጆች እንደገና ለካሁ፤ ሁሉም በአንድ ሌሊት አጠሩ። በማግስቱ ሳኒ ሲከፍት ለሚሸጠው ሜትር ሁሉ ሁለት ጣት ምራቂ መጨመር ጀመረ። ከተለካው በላይ ምራቂ የሚሰጥ ነጋዴ ሞልቷል፤ ጣቱን አስቀምጦ የሚለካ ግን ከእሱ በቀር አላየሁም። "አዲስ ሜትር ግዛ እንጂ" ስለው "አዲስ ከገዛሁ እረሳለሁ" አለኝ። አንቺንም አራተኛ ክፍል ስትገቢ በዚያው እንጨት ነው የለካሁሽ፣ አንድ ሴንቲ ቀንሼ።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

አጎትሽ ስቴፈን


ሞምባሳ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? ስለ ዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስለ ሆቴሉ ጠይቄ ነበር። ጊዜው አይመችም። ሁሉም ክፍል ተይዟል። ከዚህ ራቅ ብሎ ሌላ ትንሽ ማረፊያ አለ፣ ንጹሕ ነው፣ እሱን ልይዝላችሁ እችላለሁ። በሥራ ምክንያት እኔ መጥቼ ላላገኛችሁ ስለምችል ከአሁኑ እንዳትቀየሙኝ። ወይም ለሚመጣው ዓመት ቢያስተላልፉት?

ጋሽ ሳኒን ሰላም በሉልኝ።

ኛሪየክ


ጋምቤላ፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኛሪየክ፣

ሰላምታዬ ከበፊቱ አልቀነሰም፤ ይህን አስቀድሜ ልበልሽ።

ወረቀት በደቂቃ በሚደርስበት ዘመን አርባ ሁለት ቀን ዝም ማለት ራሱ መልስ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ የጻፍሽልኝን አሥራ አንድ ደብዳቤ አውጥቼ በተርታ ደረደርኩ። እንግዳ መቀበያ ላይ የሚቆም ሰው ስለ እንግዳ ይጽፋል፤ ማን መጣ፣ ማን ተቆጣ፣ ማን ሻንጣ ረሳ። በአሥራ አንዱ ደብዳቤ አንድም እንግዳ የለም። አንሶላ ግን አሥራ አራት ጊዜ አለ። ስለ እብነ በረዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ፣ ስለ ወይን እድፍ ሁለት ጻፍሽ፤ ሁለቱ ደግሞ ያማሩ ናቸው፣ አንድም ግድፈት የላቸውም። ሰው የሚያውቀውን ሲጽፍ እጁ አይሳሳትም።

አልቆጣሁም። መምህር ስሆን አንድ ነጭ ሸሚዝ ብቻ ነበረኝ። አጥቤ ሳይደርቅ እለብሰዋለሁ፤ ልጆቹ "መምህር ገና ሳይረፍድ ያልበዋል" ይሉ ነበር። አንድ ሰኞ ሜትሩን ስመልስ ሳኒ "እጅህን ዘርጋ" አለኝና ለካኝ። በሳምንቱ ሁለተኛ ሸሚዝ አገኘሁ፤ እጅጌው በሁለት ጣት የረዘመ። ደረቅና ንጹሕ ልብስ ለብሼ ሰሌዳ ፊት በቆምኩበት ቀን ነው መምህር የሆንኩት። ስለዚህ ሰው ንጹሕ ነገር ላይ እንዲተኛ የምታደርግ እጅ ከእኔ ዘንድ የምትደበቅበት ምክንያት አላገኘሁም።

ክፍል ከሌለ የለም፤ አምናለሁ። ያለው ክፍል ሆኖ የጎደለው ድፍረት ከሆነ ግን ንገሪኝ። ሰኔ እየመጣ ነው። የሚመጣው ዓመት ለእኔና ለሳኒ የለም።

አጎትሽ


ሞምባሳ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣

ዛሬ ሰላምታውን ወደ ታች ላድርገው፤ መጀመሪያ እውነቱን ልጻፍ።

ላውንደሪ ነኝ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። ሦስት ዓመቴ ነው። ስመጣ እንግዳ መቀበያ ያስገቡኛል ብዬ ነበር፣ ለእናቴም እንዲያ ብዬ ነገርኳት፤ እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ነገረች፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣሁ። ክፍል አለ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ዝናብ ስለሆነ ግማሹ ሆቴል ባዶ ነው። ግን ዘመድ ሲመጣ ሠራተኛው በሥራ ልብሱ በፊት በር ወጥቶ መፈረም አለበት። የእኔ ሰማያዊ የላውንደሪ ልብስ ከሩቅ ይታወቃል። እርስዎ እብነ በረዱ ላይ ቆመው ሲያዩኝ አሰብኩና ክፍሎቹን ሁሉ በሰው ሞላኋቸው።

ከግንቦት 12 እስከ 14 አስመዝግቤያችኋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በሩ በካርድ ነው፤ ካርዱን አግብተው ወዲያው ያውጡት፣ አያቆዩት። ወለሉ ንጹሕ ነው። አንሶላውን ራሴ አነጥፋለሁ።

አሁን ሰላምታዬን፤ እጅ እነሳለሁ፣ ከመቼውም በላይ ዝቅ ብዬ።

ኛሪየክ


ሞምባሳ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ መምህር ስቴፈን፣

በሰላም ገብታችሁ እንዳረፋችሁ ተስፋዬ ነው። ከሄዳችሁ በኋላ ክፍሉን የማጸዳው እኔ ነኝ ብዬ ተሟግቼ ገባሁ። አልጋዎቹ ተነጥፈው ነበር! የአንዱ ማዕዘን እንደ ፖስታ፣ የሌላው እንደ ሱቅ ጨርቅ። ከፎጣ የሠራኋቸው ዳክዬዎች ሳይፈቱ መስኮቱ ላይ ወደ ባሕሩ ዞረው ተቀምጠዋል። ሆቴል ውስጥ ስሠራ የተጠቀመበትን አልጋ አንጥፎ የሄደ እንግዳ አላየሁም።

እርስዎ ያላዩትን ልንገርዎ፤ በር ላይ ስለ ቀሩ ነው ያላዩት። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ሳኒ የትራስ ልብሳቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው በልብስ ጋሪው ኋላ እየተከተሉ ላውንደሪ ድረስ መጡ። "ለሠራተኛ ብቻ" የሚለውን ጽሑፍ እርስዎ አነበቡና ቆሙ፤ እሳቸው አላነበቡትም። ሲገቡ ወለሉን አይተው ጫማቸውን አወለቁ። መስጊድ እንደሚገባ ሰው! ሴቶቹ ሁሉ ካውያቸውን አቁመው ሳቁ። አለቃዬ ልታስወጣቸው ተነስታ ባዶ እግራቸውን ስታይ ተቀመጠች።

የትራስ ልብሱን እያሻሹ "ይህን የተኮሰው ማን ነው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሳኒ።"

"ማን አስተማረሽ?"

"ራሴ።"

"አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጫለሁ። አንቺ ገብቶሻል፤ እኔ ስሸጠው ነው የኖርኩት።" ከዚያ አንዱን አንሶላ በክንዳቸው ከጫፍ ጫፍ ለክተው "ሁለት ሜትር ከሰማንያ" አሉ። ምልክቱን አየሁት፤ ልክ ነው። "ከነምራቂው ነው?" ስላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሴቶቹ ሁለታችሁም ማን እንደሆናችሁ ጠየቁኝ። "አጎቶቼ ናቸው" አልኩ። በእንግዳ መቀበያው በኩል ለመፈረም ስወጣም ቀና ብዬ ነው የሄድኩት፤ እርስዎ ፊርማዬን ጎንበስ ብለው "የ'ክ' እግሯ ጎድሏል" ሲሉኝ ግን በሳቅ ልወድቅ ነበር።

ለእናቴ እውነቱን ጽፌላታለሁ። አንድ ነገር ግን አልጠየቅሁዎትም። አትሂድ አሉት?

ኛሪየክ


ጋምቤላ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኛሪየክ፣

ዝናቡ እንደ ጉድ እየጣለ ነው፤ ባሮ ሞልቶ ቀልቷል። አርባ አምስት ቀን ዝም ብያለሁ፤ አንቺን በአርባ ሁለት ቀን የወቀስኩ ሰው። ጥፋቴን ጽፈሽ ያዢ።

አልኩት ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እንደማስተምረው ትምህርት ተዘጋጅቼበት ነበር። የምለውን በደብተሬ ጽፌ፣ ሰርዤ፣ አሳጥሬ በሸሚዜ ኪስ ይዤ ነበር የመጣሁት። የመጀመሪያውን ቀን አልሆነልኝም። ሳኒ ተደስቶ ነበር። አትክልተኛውን ሰዓት ቢጠይቀው እነዚያ ሰዎችም እንደ እኛ ከማለዳ ጀምረው የሚቆጥሩ ሆነው አገኛቸው። ጠዋት "ሁለት ሰዓት" ሲሉት የእኛም ሁለት ሰዓት ነው። "ተመልከት፣ ሰዓታቸው ጋምቤላ ነው!" እያለ ግቢውን ዞረ።

በመጨረሻው ማለዳ ባሕሩ ዳር ተቀመጥን። ውሃውን በእጁ ዘግኖ ቀመሰና ተፋ።

"ባሮ ነው እንዲህ የሆነው?"

"ባሮ እዚህ አይመጣም። በሱዳን አድርጎ ወደ ሌላ ባሕር ነው የሚገባው።"

"እንግዲያ የማናውቀው ሰው ነው" አለ፣ እጁን እየጠረገ። ትንሽ ቆይቶ "አንተ መምህር፣ ደብተርህን ዝጋው" አለኝ።

"አልከፈትኩትም።"

"ከጋምቤላ ጀምሮ ተከፍቶ አያለሁ። ስማኝ፣ ስቴፈን። ከጠየቅኸኝ እቀራለሁ። አውቀዋለሁ። ስለዚህ አትጠይቀኝ።"

ከዚያ የሚስቱን ነገር አነሳ።

"ሰይዳ ሃያ ዓመቷ ሳለ ነው ያመጣኋት። ሙቀቱን ሳትወድ፣ ወንዙን ሳትወድ፣ እናቷን ሳትቀብር አርባ ዓመት እኔ በምወደው አገር ኖረች። አንድም ቀን እንሂድ አላለችኝም። አሁን አለች። አንድ ጊዜ ነው ያለችው።" ከዚያ ሳቅ አለና "ተራዋ አይደለም ወይ? አንተ ተራ ታውቃለህ፣ ልጆችን ስታሰልፍ የኖርክ ሰው" አለኝ።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ልጆችን ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ የያዝኩትን ጥያቄ ስውጥ የመጀመሪያዬ ነው። "ተራዋ ነው" አልኩት። ምሳ ላይ ዓሣ አዘዝን። ራሱም እሾሁም ወጥቶለት መጣ። ሳኒ አስተናጋጁን "ሌላው የት ሄደ?" ሲለው ነበር።

መኪናው ሰኔ 22 ቀን መጣ። ሰዓድና ጎረቤቱ ሁሉ ጫኑ። ሰይዳ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሳኒ ግን እግሩን ሳያነሳ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ሰይዳ፣ እናንተ ቅደሙ። ለእኔ አንድ ሳምንት ምራቂ ስጪኝ።"

እሷም በመስኮቱ አይታው፣ ቀጥሎ እኔን አይታ፣ "ምራቂው ከሜትሩ እንዳይበልጥ!" አለች። መኪናው ሄደ።

ሳምንቱን እኔ ቤት አደረ። የሰጠሽንን ሁለት ነጭ አንሶላ አወጣሁና ባሳየሽኝ መሠረት ማዕዘኑን እንደ ፖስታ አጥፌ አነጠፍኩለት። ጠዋት ሲነሳ ከጣራው ሥር የሚያንጠባጥበውን ውሃ እያየ "ይህም ባለ አምስት ኮከብ ነው፤ ባሕሩ ብቻ ከላይ ነው የሚመጣው" ይላል። ፎጣውን ዳክዬ ላደርገው ሞክሬ ዶሮ ሆነ። ያለፈው ቅዳሜ ዓሣችንን በላን። እሑድ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ወደ ቤት ስመለስ ከበሩ ኋላ ሜትሩን ቆሞ አገኘሁት። ትቶልኝ ነው። ዛሬ ጠዋት በብረቱ ማስመሪያ ለካሁት። ዘጠና ስምንት ከግማሽ ሆኗል። እሱ ይወቅ አይወቅ እንጃ። ሁለት ጣቱ ግን ከሦስት ሴንቲ ያላነሰ ስለሆነ ሒሳቡን ሠርቼ አየሁት፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከሱቁ ወጥቶ የጎደለበት ሰው የለም።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ መዝጋት ነበረብኝ። ነገር ግን ዛሬም ቅዳሜ ነው፤ ባሮ ዳር ደርሼ ተመልሻለሁ። ዓሣ ሻጯ አጅዋንግ እንደ ወትሮው ትልቁን አንስታ "ለሁለት?" አለችኝ። ለአንድ ሰው ዓሣ እንዴት እንደሚመረጥ አላውቅም። ትልቁን ተቀብያት መጣሁ።

አጎትሽ፣
ስቴፈን